ምንጩ እኔና እናቴ

ዳርቱ አዱኛ እስከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ በዚህ ዓለም ላይ የሚነገር ነገር ሁሉ ምንጭ ያስፈልገዋል ብላ ታምን ነበር፤ ከፍሥሐ አፍ ከሚወጣው በስተቀር።

ፍሥሐን ያወቀችው ከሦስት ወር በፊት ነው። ወሰን ሠፈር፣ ከጋራዦቹ መካከል በተሸጎጠችው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ስትተይብ አንድ ቀጭን ሰው አርባ ማስታወቂያ ሊያባዛ ገባ። ማስታወቂያው «በኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ የሰዎችን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ለምትፈልጉ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ እናስተምራለን» ይላል። ዳርቱ ማሽኑን እያስጮኸች አንብባ ጨረሰችው።

«የማንንም ሰው ነው የሚጻፈው?»

«ምንጭ ካለው የማንንም።»

«ባለሥልጣን ያልሆነም?»

ፍሥሐ ቀና ብሎ ያያት ያን ጊዜ ነው። አየት አድርጎ የሚተው ዓይነት አስተያየት አልነበረም። አርባው ወረቀት አልቆ ማሽኑ ዝም ካለ በኋላም እዚያው እንደ ቆመ ነበር።

የእሷ ሰው አያቷ ናቸው። አቶ ጋሮማ በ1958 ዓ.ም. ከወሰን በላይ ባለው ዳገት ከማሳቸው ግማሹን ቆርሰው ሰጡ፤ ሁለት በሬ ሸጠው ቆርቆሮ ገዙ፤ የሰባራ ጥድን ትምህርት ቤት አሠሩ። ማሳው ዛሬ ኮንዶሚኒየምና አስፋልት ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ግን አለ። የአቶ ጋሮማ ልጅ፣ የዳርቱ አባት አቶ አዱኛም እዚያው አሉ፤ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ከሆኑ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። የወላጆች በዓል በመጣ ቁጥር በሩን ይከፍታሉ፣ በሩን ይዘጋሉ። መድረኩ ላይ የአባታቸው ስም ሲጠራ አንድ ቀን ሰምተው አያውቁም።

«ስለ ዘመድ መጻፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል» አላት ፍሥሐ በመጀመሪያው ትምህርት ቀን። «ዘመድሽ መሆናቸውን በግልጽ ታስታውቂያለሽ። ረቂቁን ታዘጋጂያለሽ። ከዚያ ሌላ ሰው አይቶ ያወጣዋል።»

ሌላው ሰው እሱ ሆነ። ፍቅሩም የገባው በግርጌ ማስታወሻ በኩል ነው። ዳርቱ የምሳ ሰዓቷን እየሠዋች የድሮ ጋዜጣ ስታገላብጥ ከረመችና ስለ ትምህርት ቤቱ ምረቃ የምታወራ አንዲት አንቀጽ አገኘች። ጮኻ የደወለችው ለእሱ ነበር። እሱም ጮኸ። አንድ አንቀጽ አግኝተው አብረው የጮኹ ሰዎች ከዚያ በኋላ በተራ ሰላምታ አይመለሱም።

ኢንሳይክሎፒዲያው ለእያንዳንዱ ጸሐፊ የውይይት ገጽ አለው፤ ገጹን የፈለገ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ፍሥሐ የፍቅር ደብዳቤዎቹን የሚጽፍላት በአንቱታ ነበር። «ውድ ተጠቃሚ፣ በረቂቅዎ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ያየሁት ዐረፍተ ነገር ዕረፍት ነሥቶኛል። እሑድ አራት ሰዓት እንጦጦ ራጉኤል በር ላይ ቢገኙልኝ ጉዳዩን በዝርዝር እንወያያለን።» ዳርቱም ትመልሳለች፦ «አስተያየትዎ ደርሶኛል። አንቀጹ እንዳለ ይቆያል፤ እኔ ግን እመጣለሁ።» አንድ ቀን ማንነቱን የማያውቁት አርታኢ ከሥር ገብቶ «እንዲህ የተከባበረ ውይይት አይቼ አላውቅም፤ ለሌሎች አርአያ ናችሁ» ብሎ ጽፎላቸዋል።

ፍሥሐ ከመገናኛ በላይ ባለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከእናቱ ጋር ይኖራል። ዳርቱ እናቱን አይታቸው አታውቅም። «ጊዜው ሲደርስ» ይላታል። ጊዜው ታክሲ ያጣ ይመስል አልደረሰም።

በዚያ ቅዳሜ ስድስት አዲስ ተማሪዎች መጡ። ትምህርቱ የሚሰጠው የሠፈሩ ወጣት ማዕከል የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛውን አጣጥፎ በሚያስቀምጥበት ክፍል ነው። ዳርቱ አሁን ተማሪ ብቻ አይደለችም፤ ፍሥሐን ታግዛለች። ፊት ለፊቷ ወሰን ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡት ጋሽ ጠሀ ተቀምጠዋል። የሠፈሩን የኳስ አሠልጣኝ የነፍስ ኄር ሊሊሳን ታሪክ ሳያስገቡ ላይመለሱ ቆርጠዋል።

«ምንጭ አምጣ አላችሁኝ፤ አመጣሁ» አሉና አንድ የታጠፈ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። በቀብሩ ዕለት ተነቦ ለቀባሪው የታደለው የሕይወት ታሪክ ነው።

«ጋሽ ጠሀ፣ ይሄን እኮ የተየብኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ካንቺ የበለጠ ምንጭ ከየት ይመጣል?»

«መጀመሪያ ሲመጣ ሁለት ዋንጫ ነበር የሚለው። ልጃቸው ገባና አራት በይው አለኝ። ወንድማቸው ደወሉና ስድስት አስደረጉት። አስከሬኑ ከቤት ባይወጣ ኖሮ አፍሪካ ዋንጫ እንደርስ ነበር።»

ክፍሉ ሳቀ። ፍሥሐም ሳቀና ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ እንዲህ አለ፦ «በቀብር ላይ የተነበበ ነገር ምንጭ አይሆንም። የሚጽፈው ያዘነ ሰው ነው። ያዘነ ሰው ደግሞ ጥያቄ አይጠየቅም።»

ጋሽ ጠሀ አልሳቁም። ስልካቸውን አውጥተው እንደ መርማሪ ወደ ዳርቱ አዞሩት።

«እንዲያ ከሆነ እኚህን ሰውዬ ማን አስገባቸው? ትናንት ናሙና ስፈልግ ያገኘኋቸው ናቸው። ምንጭ፦ በቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ላይ የተነበበ የሕይወት ታሪክ። አለቀ! ሌላ የለም። የኔ ሊሊሳ ምን አጥፍቶ ነው በር ላይ የሚቆመው?»

ዳርቱ ስልኩን ተቀብላ አነበበች። *አቶ ወልደሰንበት ይመኑ። የአውራጃ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሹም። በየካ የሰባራ ጥድ ትምህርት ቤት መሥራች።*

ደግማ አነበበችው። ከዚያ ፍሥሐ እንዳስተማራት አደረገች፤ ጽሑፉን ማን እንደ ጻፈው የሚያሳየውን «ታሪክ» የሚለውን ነካች። መስከረም 2012። አንድ ጸሐፊ ብቻ። ስሙን ለማንበብ መነጽር አላስፈለጋትም፤ በየዕለቱ ከደብዳቤዎቿ ግርጌ የምታየው ስም ነው።

«ፍሥሐ፣ አቶ ወልደሰንበት ማናቸው?»

የጠየቀችው በተራ ድምፅ ነው። የፍሥሐ ፊት ግን ተራ መልስ እንደሌለው ተናገረ።

«አያቴ ናቸው» አለ። «የእናቴ አባት።»

«ኧረ!» አሉ ጋሽ ጠሀ።

በዳርቱ ጭንቅላት ውስጥ የሦስት ወር ነገር መንገድ ላይ እንደ ተበተነ ወረቀት አንድ በአንድ ይሰበሰብ ጀመር። ያቺ የ1958 አንቀጽ «አቶ ጋሮማ መሬታቸውን ሰጥተው ባሠሩት ትምህርት ቤት ምረቃ ላይ የትምህርት ሹሙ አቶ ወልደሰንበት ይመኑ ተገኝተው ሪባን ቆረጡ» ነበር የምትለው። ዳርቱ የሪባኑን ነገር ረቂቋ ውስጥ አስገብታው ነበር። ፍሥሐ ነው «ይሄ ስም አያስፈልግም፤ ጽሑፉን ያበዛዋል» ብሎ ያስወጣት። በየሳምንቱ «አንድ አንቀጽ አይበቃም፤ ሁለተኛ ምንጭ ፈልጊ» ያላትም እሱ ነው። መጀመሪያ ቀን ደግሞ «ስለዚህ ትምህርት ቤት ሌላ ቦታ የተጻፈ ነገር አለ?» ብላ ስትጠይቀው ዓይን ዓይኗን እያየ መልሶላት ነበር፦

«ፈልጌያለሁ። ምንም የለም።»

ያን አላጣራችውም። አንድ አንቀጽ ለማረጋገጥ አርባ ቀን አቧራ የዋጠች ልጅ ያን አንድ ቃል አላጣራችውም። ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ ከኋላዋ የሚጠራትን ድምፅ ሰማችው። ያሳበዳት መዋሸቱ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ አሁንም ደስ ማለቱ ነው።

*

እሑድ አራት ሰዓት ራጉኤል በር ላይ የመጣችው ቀጠሮ አክብራ አይደለም። ወሰን ላይ መጮህ አይቻልም፤ ሰው ሁሉ ያውቃታል። እንጦጦ ላይ ግን የሚሰማው ባሕር ዛፍ ነው።

ፍሥሐ ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ነበር። የሸሚዙ ኮሌታ አንደኛው ጎን ታጥፎበታል። አብረው ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን ቁልቁለት ተያያዙት፤ እሷ ፊት ፊት፣ እሱ አንድ ርምጃ ከኋላ።

«ዳርቱ...»

«አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። መቼ ነው ያወቅከው?»

«ምኑን?»

ዞረች። «ምኑን አትበለኝ! ሌላ ጊዜ በለኝ፣ ዛሬ አትበለኝ!»

«የመጀመሪያው ቀን ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «የሰባራ ጥድን ስም ስትጠሪ። ጋዜጣውን ስታገኚ ደግሞ እርግጠኛ ሆንኩ።»

«ስልኩ ላይ አብረን ስንጮህ?»

«አብረን ስንጮህ።»

«አንተ የጮህከው ደንግጠህ ነበራ!»

እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች በአጠገባቸው እየወረዱ ነበርና ዳርቱ ድምፅዋን እስኪያልፉ ድረስ ጥርሷ ውስጥ አሠረችው።

«ጽሑፉን ስጽፈው አያቴ ከሞቱ ሁለት ወራቸው ነበር» አለ እሱ። «የመጀመሪያ ጽሑፌ ነው። እማዬ በቀብር ላይ የተነበበውን ወረቀት ሰጠችኝ፤ እንዳለ ገለበጥኩት። እውነት መስሎኝ ነው፤ በእግዜር።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ያኔ አላወቅክም፣ ይሁን። ከሦስት ወር በፊትስ?»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«እማዬን። አባቷን ጣዖት አድርጋቸዋለች... ከእማዬ ይልቅ ግን አንቺን። ካወቅሽ ትሄጃለሽ ብዬ።»

«እንዳልሄድ ብለህ ዋሸኸኝ?»

«እንዳትሄጂ ብዬ።»

«ሰምተኸዋል የምትለውን? እየወደድከኝ ነበር አያቴን ሁለተኛ ምንጭ አጡ እያልክ በር ላይ ያቆምካቸው! የአንተ አያት በአንዲት የቀብር ወረቀት ዘው ብለው ገብተዋል። ዘመዴ ናቸው ብለህ እንኳ አላስታወቅክም! እኔን ግን በመጀመሪያው ቀን ዘመድሽን አስታውቂ አልከኝ። የአንተ አያት የቆረጡት ሪባን ነው፣ ፍሥሐ። የእኔ አያት የቆረሱት መሬት ነው። ልዩነቱ ለማን ይጠፋዋል?»

«አልጠፋኝም።»

«ቢጠፋህ ይሻለኝ ነበር!»

ነፋሱ ቅጠሉን እያንኮሻኮሸ አለፈ። ፍሥሐ የሚናገረው ነገር እንደቀረው ያስታውቃል።

«ሌላም አለ» አለ በመጨረሻ። «የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ቅዳሜ ይመረቃል። እማዬ የኮሚቴው ሰብሳቢ ናት። ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ እብነ በረድ አሠርታለች... መሥራቹ አቶ ወልደሰንበት ይመኑ የሚል። ቃሉን የወሰዱት ከኔ ጽሑፍ ነው።»

ዳርቱ ለአፍታ የሰማችውን አላመነችም። ቀጥሎ አመነችው፤ ያኔ ድምፅዋ ወረደ። ከጩኸቷ ይልቅ ይሄኛው አስፈራው።

«አባቴ በር ላይ ነው የሚቆመው። እንግዶቹ ሲመጡ በሩን ይከፍትላቸዋል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። ከዚያ አባቱ ባሠራው ግቢ ውስጥ ለሌላ ሰው ስም ሲጨበጨብ ይሰማል። ይሄን ታውቃለህ?»

«ጊዜ ስጪኝ። እማዬን ቀስ ብዬ...»

«ቀስ ብለህ? አያቴ ስድሳ ዓመት ሊሞላ ጊዜ ሰጥተዋችኋል። ምን ሠራችሁበት?»

ጥላው ወረደች። ከዛፎቹ መሀል ልትሰወር ስትል ዞራ አየችው። ያ የታጠፈ ኮሌታ አሁንም እንደ ታጠፈ ነው። እጇ ሊያቃናው ተነሥቶ ነበር፤ ይዛ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ሠፈሯ እስክትደርስም አላወጣችውም።

*

ማክሰኞ ዕለት ከሰዓት በኋላ አንዲት ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሴት ሱቋ ውስጥ ገቡ። ከኋላቸው ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ሰው ፊት ይዞ ፍሥሐ ተከተለ።

«ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ናችሁ ብለው ነው» አሉ ሴትዮዋ። «የምረቃ ፕሮግራም ነው። ለሁለት መቶ ሰው አባዢልን። ፍላሹን ስጣት፣ ፍሥሐ።»

የፍሥሐ እናት፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ናቸው። ጊዜው ደርሶ ኖሯል። ፍሥሐ ፍላሹን ሲያቀብላት ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ሁለቱም እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰቡት። ዳርቱ ፋይሉን ከፈተችው። ሁለተኛው መስመር ላይ የፈራችው ነገር ተጽፎ ነበር፦ *የትምህርት ቤታችን መሥራች፣ አቶ ወልደሰንበት ይመኑ።*

«እትዬ፣ ከማተሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ይሄ መሥራች የሚለው... ከየት ነው የመጣው?»

«ኢንተርኔት ላይ አለ፣ የኔ ልጅ። በትልቁ።»

«ኢንተርኔቱስ ከየት አገኘው?»

«ከአባቴ የሕይወት ታሪክ ነዋ! በቀብራቸው ላይ የተነበበው።»

«የሕይወት ታሪካቸውንስ ማን ጻፈው?»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው የፍሥሐን ይመስላል፤ ይሄ ደግሞ ዳርቱን የበለጠ አናደዳት።

«እኔ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ እያለቀስኩ። ምን ለማለት ነው?»

«ለእርስዎስ ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም! አይቻለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አባዬ እጄን ይዘውኝ መጥተው ሪባኑን ሲቆርጡ ሕዝቡ እልል አለ። ያ ሁሉ ሰው ለሳቸው ነበር የቆመው። የአባዬ ትምህርት ቤት ነው ብዬ ነው ያደግሁት። በየዓመቱ ደብተር የምልከው፣ ለዚህ ሕንፃ ገንዘብ ስሰበስብ የኖርኩት ለምን ይመስልሻል?»

ለአፍታ ዳርቱ አዘነችላቸው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በእልልታ መሀል የአባቷን እጅ ይዛ ታየቻት። ሐዘኑ ግን ንዴቱን አላባረረውም፤ አጠገቡ ቦታ ይዞ ተቀመጠ።

«ሪባን ቆራጭና መሥራች አንድ አይደሉም፣ እትዬ። መሬቱን የሰጡት፣ ቤቱን ያሠሩት አቶ ጋሮማ ናቸው። ጋዜጣ ላይ አለ፤ ልጅዎ አንብቦታል።»

«ልጄ?»

ሁለቱም ወደ ፍሥሐ ዞሩ። ፍሥሐ ወደ ማሽኑ ዞረ። ማሽኑ ዝም አለ። በውጭ አንዱ ጋራዥ የመኪና ጥሩምባ ይሞክራል፤ ጡሩ ይላል፣ ያቆማል፣ ጡሩ ይላል። ዳርቱ ጠበቀች። በሕይወቷ እንደዚያ ጠብቃ አታውቅም። አሁንም ዝም ካለ እስከ ዛሬ የወደደችው ሰው ሙት ነው፤ የሕይወት ታሪኩንም ራሷ ትተይብለታለች።

«እውነቷን ነው፣ እማዬ» አለ ፍሥሐ። «ውሸት መሆኑን ካወቅኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። እሷ የአቶ ጋሮማ የልጅ ልጅ ናት። የምወዳት ልጅ አለች ያልኩሽም እሷው ናት። ዋሽቻታለሁ። ለአንቺ ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ነው።»

ከዚያ ጠረጴዛውን ዞሮ ገባ። «ፈቅደሽልኝ» አለና የዳርቱን ኮምፒውተር ወደ ራሱ ሳበ። የአያቱን ገጽ ከፈተ። *መሥራች* የምትለዋን ቃል አጠፋት። በምትኩ ሪባን ቆራጭነታቸውን ጻፈ፤ ከሥሩ የ1958ቱን ጋዜጣ ምንጭ አድርጎ አኖረ። ኢንሳይክሎፒዲያው «የለውጡ ምክንያት?» ብሎ ጠየቀው። ፍሥሐ የዓለም ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ላይ እንዲህ ሲል ተየበ፦

«የቀድሞው ምንጭ እኔና እናቴ ነን። ሟቹ አያቴ ናቸው። ተሳስቻለሁ፤ ካወቅኩ በኋላም ዝም ብያለሁ።»

«አባቴን ሰረዝካቸው?» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ።

«አልሰረዝኳቸውም። የሠሩትን ጽፌላቸዋለሁ።»

«ድንጋዩ ተቀርጿል። ትናንት ግቢው ገብቷል። ይሄን ምክንያትህን ለድንጋዩ ንገረው!» የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩለት። «እኔ በራይድ እሄዳለሁ። ካንተ ጋር አንድ መኪና ውስጥ አልቀመጥም።»

በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ፍሥሐ ወደ ዳርቱ ዞረ። በዓይኑ ውስጥ ፈተና ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ተቀምጦ ነበር። ዳርቱ ያን ስታይ የተዳፈነው ሁሉ ተነሣባት።

«ምን ትጠብቃለህ? ላጨብጭብልህ?»

«ምንም...»

«የኔን አያት ለኔ መለስኩልሽ ልትለኝ ነው? እኔ መች ጠፉኝ? የጠፉት ለሌላው ነው! ሄደህ ለአባቴ ንገረው። እዚያ በር ላይ፣ ቆመህ። ከእኔ ምሕረት መለመን ቀላል ነው፤ እወድሃለሁና።»

ቃሉ ካመለጣት በኋላ ነው የሰማችው። የበለጠ ተናደደች።

*

በዚያው ከሰዓት ዳርቱና ፍሥሐ ትምህርት ቤቱ በር ሲደርሱ አቶ አዱኛ ከጥበቃ ቤታቸው ፊት በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው በጆንያ የተጠቀለለ ሰፊ ድንጋይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፍሥሐ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ፤ ማን እንደሆነ ተናገረ፤ የሠራውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አንዴ እንኳ ወደ ዳርቱ አላየም። ሽማግሌው እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ፣ ጋሼ።»

«ይሄን ድንጋይ ትናንት አምጥተው ጠብቅ አሉኝ። ማን ይሰርቀዋል ብለው እንደሆነ እንጃ። እነሱ ሲሄዱ ጆንያውን ገለጥ አድርጌ አነበብኩት። አባቴ ባሠራው ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ማንበብ አላቃተኝም።» ተነሡ። ዳርቱ አባቷን እንዲያ ሆነው አይታቸው አታውቅም፤ የአንገታቸው ሥር ቆሟል። «ሃያ ሁለት ዓመት ለእናትህ በር ከፍቻለሁ! አንድ ቀን ስምህ ማነው አላሉኝም። ቢሉኝ አዱኛ ጋሮማ እላቸው ነበር! አንድ ጥያቄ ነው የቸገራቸው፣ አንዲት ጥያቄ! ዝም ያልኩት የማላውቅ ሆኜ መስሏችኋል? ሰው በገዛ አባቱ ቤት እኔ እኮ የእገሌ ልጅ ነኝ እያለ ይለምናል እንዴ?»

ፍሥሐ አንገቱን አልደፋም፤ የመጣለትን ሁሉ ፊቱን ሰጥቶ ተቀበለ። ዕንባው ወረደ፤ አልጠረገውም።

«ድንጋዩን ልውሰደው» አለ።

«ያለ ወረቀት ዕቃ ከግቢ አይወጣም» አሉ አቶ አዱኛ፤ ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። ንዴታቸው አልበረደም፤ ሥራ ግን ሥራ ነው።

ፍሥሐ ከጥበቃ ቤቱ መዝገብ አንድ ገጽ ለምኖ ጉልበቱ ላይ ጻፈ። ሽማግሌው ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት፦ «እኔ ፍሥሐ፣ የአቶ ወልደሰንበት የልጅ ልጅ፣ ይህ እብነ በረድ ሐሰት ስለሆነ ከአቶ ጋሮማ ትምህርት ቤት አውጥቻለሁ።» ፊርማውን አዩ። ቀኑን አስጨመሩት። ከዚያ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ልጃቸውን አዩአት።

«ምንጭ ምንጭ የምትሉት እንዲህ ያለውን ነው?»

ዳርቱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ፍሥሐ ድንጋዩን አቀፈው። አንዴ ሞከረ፤ አልተነሣም። ሁለተኛ ሞከረ፤ ተነሥቶ መልሶ ወረደ፤ ለትንሽ የእግሩን ጣት ሳተው። አቶ አዱኛ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ይጠብቃሉ፤ ሊያግዙት ግን አልተጠጉም። ዳርቱም እጇን አጣምራ ቆማ አየችው። ይልፋ። ወገቡ ይሰበር። ሦስተኛ ሲሞክር መዳፉን ቆረጠውና ጆንያው ላይ የደም ነጥብ ታየ። እሱ ግን አልተወውም፤ ወደ እሷም አላየም።

ዳርቱ ተራምዳ ሄዳ የድንጋዩን ሌላውን ጫፍ ያዘች።

«አልታረቅንም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«መቼ እንደምንታረቅም አላውቅም።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። ዝም በልና አንሣ።»

አነሡት። ወደ መኪናው የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው። ድንጋዩ ከጠበቀችው በላይ ከባድ ነበር፤ ንዴቷ ከድንጋዩ ይከብዳል፤ እሱን መውደዷ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል። ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አንዱንም አልለቀቀችም።